የልብን ምልክት ከሁከት ስለ ማጥራትና በየወገኑ ስለ መመደብ
የልብ መመርመሪያ መሣሪያ የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር

ቡና ላኪ የሆነ ነጋዴ ሁለት ሥራ እንዳለበት ያውቃል። አንደኛው ቡናውን ከገለባው፥ ከጠጠሩና ከአቧራው ማበጠር ነው፤ ሁለተኛው የተበጠረውን በየደረጃው መመደብ ነው። የመጀመሪያው ሥራ በደንብ ካልተሠራ ሁለተኛው ሊሠራ አይችልም፤ ማበጠሩም ከመጠን ካለፈ ጥሩው ፍሬ ከገለባው ጋር አብሮ ይወድቃል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ ስለ ቡና አይደለም። ነገር ግን ይህንኑ ሁለት ሥራ፥ ማለት ማበጠርንና መመደብን፥ በሰው ልብ ምልክት ላይ ስለሚፈጽም መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ ሐኪሞች ኢሲጂ የሚሉት የልብ ኤሌክትሪክ መቅረጫ ነው። ስለ ሐኪም መሣሪያ በነጋዴ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሱ አጭር ነው። መሣሪያው ከሐኪሙ እጅ ከመድረሱ በፊት በነጋዴው እጅ ያልፋል። ካታሎጉን የሚያገላብጠው፥ ፕሮፎርማውን የሚቀበለው፥ ኤልሲ የሚከፍተውና ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣው ነጋዴው ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሳይጠይቅ የገዛው ነገር በመጨረሻ የሚታየው በሕመምተኛው ደረት ላይ ነው።

ልብ የሚጽፈው ምንድን ነው

የሰው ልብ በመታ ቁጥር እጅግ አነስተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ኀይል ያመነጫል። ይህም ኀይል በሰውነት ውስጥ ተሠራጭቶ እስከ ቆዳ ድረስ ይደርሳል፤ በቆዳ ላይ ሲለካም መጠኑ ወደ 1 ሚሊ ቮልት ገደማ፥ ይኸውም የአንድ ቮልት አንድ ሺኛ ያህል ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የባትሪ ድንጋይ አንድ ተኩል ቮልት ያለው መሆኑን ብናስብ፥ የልቡ ምልክት ከድንጋዩ 1,500 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው ማለት ነው። ሁከት በቀላሉ የሚያሸንፈውም ስለዚህ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. አውጉስጦስ ዋለር የተባለ ሐኪም በሎንዶን ከተማ የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰውነት ውጭ ሆኖ ቀረጸ። ይሁን እንጂ የቀረጸው መስመር ደብዛዛ ስለ ነበረ ለሕክምና የሚበቃ አልነበረም። ከርሱ በኋላ ቪለም አይንትሆቨን የተባለው የሆላንድ ሊቅ በላይደን ከተማ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ እጅግ ቀጭን በሆነ ክር የሚሠራ ስሜተ ስስ መለኪያ ፈጠረ። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ለማሠራትም አምስት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ሕመምተኛውም እጁንና እግሩን ጨው ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ እንዲነክር ይደረግ ነበር። አይንትሆቨን በ1905 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል በስልክ ሽቦ የልብን ምልክት አስተላልፏል። ስለ ሥራውም በ1924 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለነጋዴ የሚሆን ምዕራፍም አለ። አይንትሆቨን መሣሪያውን እንዲሠራለትና እንዲሸጥለት በመጀመሪያ የተዋዋለው በሙኒክ ከተማ ከነበረው ከኤደልማን ጋር ነበር። ኤደልማን ከሽያጩ ድርሻ ለመክፈል ከተስማማ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ክፍያውን አቋረጠ። የኋላ ኋላ የመሣሪያው ንግድ በእንግሊዙ የካምብሪጅ የሳይንስ መሣሪያዎች ኩባንያ አማካይነት ተስፋፋ። ውል ያላከበረው ነጋዴ ገበያውን ለሌላው ለቀቀ ማለት ነው።

አይንትሆቨን በመስመሩ ላይ ለሚታዩት እብጠቶች የሰጣቸው ፒ፥ ኪው፥ አር፥ ኤስ፥ ቲ የሚባሉት ፊደሎች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ፒ የሚባለው ትንሽ ጉብታ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ሲነሡ የሚጻፍ ነው፤ ኪው፥ አርና ኤስ በአንድነት የታችኞቹን ክፍሎች መነሣት ያሳያሉ፤ ቲ ደግሞ የታችኞቹ ክፍሎች ለሚቀጥለው ምት ሲዘጋጁ የሚጻፍ ነው። ወረቀቱ እንደ ደንቡ በሰኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ 1 ሚሊ ቮልትም 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይሰጠዋል። ሐኪሙ የሚያነበው እንግዲህ ይህን ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ለርሱ ትርጉም አለው።

ሁከቱ ከየት ይመጣል

በዚህ ቀጭን ጽሑፍ ላይ የሚደረቡ ሁከቶች በአራት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የመስመሩ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ሕመምተኛው ሲተነፍስ ደረቱ ስለሚነሣና ስለሚወድቅ መስመሩም እንደ ጀልባ ይዋልላል። ሁለተኛው ከጡንቻ የሚመጣ ነው። በብርድ ወይም በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ሰው ጡንቻው የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ መስመሩ እንደ እሾህ ቁጥቋጦ ይሆናል። ሦስተኛው በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲላቀቅ የሚመጣ ነው፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ቅርጹ የእውነተኛ የልብ ምት ሊመስል ይችላል። አራተኛው ከግድግዳው ሶኬት፥ ከመብራቱና በአካባቢው ካሉት ማሽኖች የሚመጣው የመብራት ኀይል ሁከት ነው።

የ50 እና የ60 ነገር

አራተኛው ሁከት በቀጥታ አስመጪውን ስለሚመለከት ጥቂት እንቆይበት። የአገራችን የመብራት ኀይል 220 ቮልት ሲሆን በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የአሜሪካና የሳዑዲ ዓረቢያ ግን በሰኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ በጃፓን ደግሞ ምሥራቁ በ50፥ ምዕራቡ በ60 ይሠራል። መሣሪያው ይህን ሁከት የሚያጠፋበት ጠባብ ማጣሪያ አለው፤ ይህም ማጣሪያ አንዲቱን የታዘዘባትን ድግግሞሽ ብቻ ቆርጦ የሚጥል ነው። ለ60 የተሰናዳው ማጣሪያ 50ን ሳይነካ ያሳልፈዋል።

እንበልና አንድ አስመጪ ዋጋው ረከሰ ብሎ ለ60 አገር የተሰናዱ አሥር መሣሪያዎች ገዛ። ሶኬቱን በማስተካከያ አገናኘ፤ መሣሪያው በራ፤ ወረቀቱም ተጓዘ፤ ስለዚህ ደኅና ነው ብሎ ሸጠው። ዕቃው ከአንዲት የገጠር ከተማ ክሊኒክ ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን ደረቱን የሚያመው አንድ የቤተ ሰብ አባት መጣ። ነርሷ መሣሪያውን ስትከፍት መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነባት። እርሷም መልካም ለመሥራት ብላ መስመሩ እስኪያምር ድረስ ያሉትን ማጣሪያዎች ሁሉ ከፈተች። አሁን መስመሩ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ሊያየው የሚገባው ምልክት ከሁከቱ ጋር ታጥቦ ሄዷል፤ ወይም ቅርጹን ለውጧል። ሰውየውም የሆድ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ቢመለስ በደሉ የማን ነው? ነርሷ የምትችለውን አድርጋለች። ጥፋቱ የተጀመረው ከብዙ ወራት በፊት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ በተፈረመው የግዢ ወረቀት ላይ ነው።

ይህ ምሳሌ ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። ለሙሉ ምርመራ የሚቀረጽ ምልክት ከ0.05 እስከ 150 ሄርዝ ድረስ ያለውን ሁሉ መያዝ እንዳለበት በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። አልጋ አጠገብ ሆነው የልብን አመታት ብቻ የሚከታተሉ መሣሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 40 ሄርዝ ባለው ይወሰናሉ። ከታች በኩል በ0.5 ላይ ተራ ማጣሪያ ሲቆርጥ፥ የልብ ደም ሥር መዘጋት የሚታወቅበትን በኤስና በቲ መካከል ያለውን መስመር ሊያዛባው ይችላል። ከላይ በኩል በ40 ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ትንንሾቹ ሹል ምልክቶች ይደነዝዛሉ፤ በደረት ውስጥ የተቀበረ የልብ ማነቃቂያ የሚሰጠውም ቀጭን ምት ላይታይ ይችላል። እንግዲህ መስመሩ አማረ ማለት እውነቱ ተጻፈ ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ በጄኔራተር ለሚሠሩ ደንበኞች የሚጨመር ነገር አለ። ትንሽ ጄኔራተር ፍጥነቱ ሲዋዥቅ 50 መሆኑ ቀርቶ 48 ወይም 52 ሊሆን ይችላል፤ ጠባቡም ማጣሪያ ዒላማውን ይስታል። ስለዚህ በራሱ ባትሪ ሊሠራ የሚችል መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ቦታ የተሻለ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመሬት ሽቦ በትክክል የተዘረጋለት ሶኬት፥ ቆዳን በደንብ ማጽዳትና ሕመምተኛውን ከብርድ መጠበቅ ከብዙ ማጣሪያ ይበልጣሉ። በጭቃ እግሩ የገባ እንግዳ ቤቱን ካቆሸሸ በኋላ ከመጥረግ በር ላይ ማስጠረግ ይሻላል።

በሒሳብ ስለሚሠራ ማበጠሪያ

በ1975 ዓ.ም. በርናርድ ዊድሮውና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያሳተሙት ሥራ ራሱን እያስተካከለ የሚሄድ ማጣሪያን አሳየ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሁከቱ የሚመጣበትን ምንጭ ለብቻው በሌላ ሽቦ መስማት፥ ከዚያም የተሰማውን ከተደባለቀው ምልክት ላይ መቀነስ ነው። በዚህ ስልት የመብራት ኀይል ሁከት ከልብ ምልክት ላይ ተነሥቷል፤ ከዚህም የሚደነቀው በማሕፀን ያለው ሕፃን የልብ ምት ከእናቱ ኀይለኛ የልብ ምት ተለይቶ መታየቱ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ጂያፑ ፓንና ዊሊስ ቶምፕኪንስ ኮምፒዩተር የልብን ምት አንድ በአንድ የሚቆጥርበትን ዘዴ አቀረቡ። ከ5 እስከ 15 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ብቻ ያስቀራሉ፤ የመስመሩን አወጣጥ ቁልቁለት ይለካሉ፤ ያንን በራሱ አባዝተው ትልቁን ይበልጥ ያተልቁታል፤ በመጨረሻም ከአጭር ጊዜ ውስጥ የተሰበሰበውን ደምረው ከወሰን በላይ ከሆነ ምት ነው ይላሉ። ዘዴው በታወቀው የመፈተኛ መዝገብ ላይ ሲሞከር 99.3 በመቶ ያህሉን ምት በትክክል አግኝቷል። ይህ ቁጥር ለጆሮ ያስደስታል። ነገር ግን ነጋዴ ሒሳብ ይወዳልና እናስላው። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን 100,800 ጊዜ ይመታል፤ ከዚህ ላይ 0.7 በመቶው ቢሳሳት ወደ 700 የሚጠጋ ስሕተት ነው። ቀን ሙሉ ለሚቀርጽ መሣሪያ የመቶኛው ትርፍራፊም ብዙ ነው።

በየወገኑ ስለ መመደብ

ምቱ ከተቆጠረ በኋላ መሣሪያው ይህ ጤነኛ ነው፥ ይህ ያለ ጊዜው የመጣ ነው እያለ እንዲመድብ ይፈለጋል። ለዚህም ሥራ መለኪያ የሚሆን የታወቀ መዝገብ አለ። ከ1975 እስከ 1979 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በቤት እስራኤል ሆስፒታል ከተቀረጹት መካከል ተመርጠው፥ እያንዳንዳቸው የግማሽ ሰዓት የሆኑ 48 ቅጂዎች ከ47 ሰዎች ተሰበሰቡ። ቢያንስ ሁለት የልብ ሐኪሞች ለየብቻቸው እያንዳንዱን ምት መርምረው ስም ሰጡት፤ ባልተስማሙበትም ተወያይተው ወሰኑ። በጠቅላላው ወደ 110,000 የሚጠጉ ምልክቶች ተመዘገቡ። ይህ የኤም.አይ.ቲ. እና የቤት እስራኤል መዝገብ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓለም ተሠራጭቶ፥ እንደ ቡና ቀማሾች ናሙና፥ ሁሉም የራሱን ዘዴ የሚፈትንበት ሆነ። በአሜሪካ የሕክምና መሣሪያዎች ማኅበር ደንብ መሠረትም ምቶች በአምስት ወገን ይመደባሉ፤ እነርሱም መደበኛው፥ ከላይኛው የልብ ክፍል ያለ ጊዜው የሚነሣው፥ ከታችኛው ክፍል ያለ ጊዜው የሚነሣው፥ የሁለቱ ድብልቅና ሊታወቅ ያልቻለው ናቸው።

አሁን ነጋዴው ነቅቶ ሊያስተውለው የሚገባ ሁለት የሻጭ ብልሃት አለ።

አንደኛው የአጠቃላይ መቶኛ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ካሉት ምቶች ከመቶው ከሰማንያ በላይ የሚሆኑት ከመደበኛው ወገን ናቸው። እንግዲህ ምንም ሳያይ ሁሉም ጤነኛ ነው የሚል መሣሪያ ቢኖር እንኳ ከመቶው ሰማንያውን በትክክል ተናገረ ይባላል፤ አንድ ሕመምተኛ ግን አልያዘም። ዘጠኝ ኩንታል ጥሩ ቡና ውስጥ አንድ ኩንታል የሻገተ ቢደባለቅ፥ ሁሉም ጥሩ ነው ብሎ የፈረመውን መርማሪ ዘጠኝ እጅ ትክክል ነው ብለን አናመሰግነውም። ስለዚህ ጥያቄው «በጠቅላላው ስንት በመቶ» ሳይሆን «ከታመሙት ስንቱን አገኘ፥ ጤነኛውንስ ስንት ጊዜ በከንቱ አስደነገጠ» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ብልሃት የናሙና ነው። ኮምፒዩተሩ የሚማርበት ምትና የሚፈተንበት ምት ከአንድ ሰው የመጡ ከሆነ፥ ፈተናው መልሱን አስቀድሞ እንደ ማየት ነው። ከአንድ ከረጢት ናሙና ወስዶ ያንኑ ከረጢት እንደ መመስከር ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. ፊሊፕ ደ ሻዛልና ባልደረቦቹ ይህን ለማስቀረት መዝገቡን በ22 እና በ22 ቅጂዎች ከፍለው፥ የሚማሩበትን ሰው ከሚፈተኑበት ሰው ለዩ። በዚህ በጠራ ሚዛን ሲመዘኑ የብዙ ዘዴዎች ውጤት ዝቅ ይላል፤ እውነተኛው ዋጋቸው ግን ያ ነው።

ኋላም ጥበቡ እየተራመደ ሄዶ ከብዙ ምሳሌ ራሱን የሚያስተምር የኮምፒዩተር ስልት መጣ። በ2017 ዓ.ም. በተደረገ ዓለም አቀፍ ውድድር በእጅ ከሚያዝ ትንሽ መሣሪያ የተገኙ 8,528 አጫጭር ቅጂዎች ለተወዳዳሪዎች ተሰጡ። ወገኖቹም አራት ነበሩ፤ መደበኛ፥ የላይኛው የልብ ክፍል መንቀጥቀጥ፥ ሌላ ዓይነት መዛባት፥ አራተኛው ደግሞ በሁከት ምክንያት ሊነበብ የማይችል የሚል ነው። በ2019 ዓ.ም. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የታተመውም ጥናት ከ53,549 ሰዎች የተገኙ 91,232 ቅጂዎችን ተጠቅሞ በ12 ወገን ሲመድብ፥ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ወገን ሁከት ነበር። የኮምፒዩተሩ አማካይ ውጤት በዚያ ፈተና ከልብ ሐኪሞቹ አማካይ ውጤት በልጦ ተገኝቷል። ከሁሉም የሚያስመሰግነው ግን «ይህን ማንበብ አልችልም» የሚል መልስ በመልስነት መቆጠሩ ነው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል መርማሪ፥ ሁሉን ዐውቃለሁ ከሚለው ይልቅ ይታመናል።

ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ

ሁከትን እንደ ሕመም ማንበብም ሕመምን እንደ ሁከት የማለፍን ያህል ይጎዳል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ወይም ጥርስ ሲፋቅ የሚፈጠረው ንቅናቄ በመስመሩ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ሩጫ መስሎ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ይህ ዓይነት ስሕተት የደረሰባቸውን 12 ሕሙማን ታሪክ አሳትመዋል። ልባቸው እንዲህ ያለ ሕመም ሳይኖርበት ለአንዳንዶቹ ቱቦ እስከ ልባቸው ድረስ ገብቶላቸዋል፤ በደረታቸው ውስጥ መሣሪያ የተቀበረላቸውም ነበሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ከአንድ በተንቀሳቀሰ ሽቦ ነው።

ለነጋዴው የሚሰጥ ምክር

እንግዲህ መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ለላኪው ድርጅት እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢያቀርብ ይጠቀማል።

1ኛ፤ ማጣሪያው ወደ 50 ሄርዝ ሊለወጥ ይችላልን? የሚለውጠውስ ገዢው ራሱ ነው ወይስ የፋብሪካው ሠራተኛ?

2ኛ፤ መሣሪያው ከ0.05 እስከ 150 ሄርዝ ድረስ ይቀርጻልን? የተከፈተው ማጣሪያስ በወረቀቱ ላይ ይጻፋልን? ይህ ካልተጻፈ ሌላ ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ ምን እንደ ተቆረጠ ሊያውቅ አይችልም።

3ኛ፤ በራሱ የሚመድብ ከሆነ በምን መዝገብ ተፈተነ? የሚማርባቸው ሰዎችና የተፈተነባቸው ሰዎች የተለያዩ ናቸውን? ውጤቱስ በየወገኑ ተለይቶ ተሰጥቷልን?

4ኛ፤ ባትሪው፥ የሕመምተኛው ገመድና ሌላው መለዋወጫ በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል? ገመዱ ከተቆረጠ መሣሪያው የቤት ጌጥ ነው።

5ኛ፤ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ የሚፈለገው የምዝገባ ሰነድ የተሟላ ነውን?

ባለ መደብሮችም ድርሻ አላቸው። የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ በውስጡ ያለው ቅባት ከደረቀ ምልክቱን አይዝም፤ ስለዚህ የአገልግሎት ዘመኑን ማየትና ከረጢቱን ለችርቻሮ ብሎ አለመክፈት ተገቢ ነው። በሙቀት የሚጻፍበት ወረቀት ፀሐይና ሙቀት ካገኘው ይደበዝዛል፤ በመስኮት አጠገብ መደርደር የደንበኛን መዝገብ አስቀድሞ እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። ደንበኛውም በሙቀት የተጻፈው ወረቀት ከዓመታት በኋላ እንደሚጠፋ ተነግሮት ቅጂ እንዲያስቀር ቢመከር መልካም ነው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የማይሰጥ ላኪ ዋጋውን ምንም ያህል ቢቀንስ ርካሽ አይደለም። መልስ የሚሰጠው ግን ጥቂት ቢያስወድድም ሸክሙን ከነጋዴው ጫንቃ ላይ ያነሣለታል፤ ከተሸጠ በኋላ «መሣሪያህ ይንቀጠቀጣል» ተብሎ የሚመለስ ዕቃ፥ የሚጠፋ ስምና የሚታመስ መጋዘን አይኖርምና።

አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይሉ ነበር። በዚህ ንግድ ግን ልብን የሚያየው መሣሪያ ሲሆን፥ መሣሪያውን አስቀድሞ ማየት የነጋዴው ግዴታ ነው። ሚዛኑ የተስተካከለ ባለ ሱቅ ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ ባይመለከትም በትክክል ይመዝናል። ይህም መሣሪያ ሚዛን ነው፤ የሚመዘንበትም የሰው ሕይወት ነውና፥ 50ን ከ60፥ ንጹሑን ከታጠበው፥ እውነተኛውን መቶኛ ከሻጭ መቶኛ ለይቶ የሚገዛ ነጋዴ ለራሱም ለአገሩም ተጠቃሚ ይሆናል።